የልየው አጥር

አንድ ሰው በንዴት ዝምድና ሲቆርጥ፣ «ከእንግዲህ ደጄን እንዳይረግጥ» ብሎ ሲምል፣ በእኛ አገር ከጎኑ ያለ ትልቅ ሰው አንዲት አባባል ጣል ያደርግበታል። አባባሏን ልጅ አዋቂው ያውቃታል። የተወለደችበትን ቀን የሚያውቁ ግን ጥቂት ናቸው፤ የሚያውቁትም ሲሰሟት አይስቁም። ነገሩ እንዲህ ነው።

ዝግባ ጉብታ በምትባል መንደር ልየው የሚባል ገበሬ ነበር። ልየው ሰነፍ አልነበረም፤ ክፉም አልነበረም። እጁ ለሥራ ይፈጥናል፣ ንዴቱ ግን ከእጁም ይፈጥናል። ሲቆጣ የግንባሩ ሥር ይገተራል፣ ከንፈሩ ይደርቃል፣ ከዚያ ወዲያ ምክር የሚባል ነገር ጆሮው አይገባም። ሚስቱ ውዴ ይህን ጠባዩን ስለምታውቅ ሥሩ መገተር ሲጀምር አንድ ሥራ ትዝ እንዳላት ሆና ገለል ትላለች። አባቱ አያ ገሠሠም አብረውት ይኖሩ ነበር። እድሜ የተጫናቸው፣ ዓይናቸው የደከመ፣ በምርኩዝ የሚሄዱ አዛውንት ናቸው። ዓይናቸው ቢደክምም መንገዳቸውን እግራቸው ያውቀዋል፤ ቤተ ክርስቲያን ሳይሳለሙ አይውሉም።

የልየው ቤት ከመንደሩ ዳር ነው። ከደጁ ፊት ለፊት ፈፋ አለ፤ ፈፋው ታጥፎ ግቢውን ግራና ቀኝ ስለሚይዘው ከጓሮው በቀር ያለ ፈፋው መውጫ የለም። ፈፋው በበጋ ደረቅ ድንጋይ ነው፤ ክረምት ሲገባ ግን ከተራራው የሚወርደው ውሃ ይሞላውና በቅሎ ያሰጥማል። ከጓሮው ወዲያ ደግሞ የጎረቤቱ የሽባባው ቤት አለ። ቤተ ክርስቲያኑም፣ ምንጩም፣ ገበያውም በሽባባው በኩል ነው፤ በፈፋው ተሻግሮ የሚዞር መንገድም ወደዚያው ያደርሳል። በሁለቱ ጓሮዎች መካከል አጥር የሚባል አልነበረም። አባቶቻቸው የተከሉት የሰንሰል ቁጥቋጦ ሳስቶ፣ መካከሉ ላይ ሰው የሚያሳልፍ ክፍተት ተትቶለት ነበር። ውዴና የሽባባው ሚስት ማንጠግቦሽ እሳት የሚጫጫሩት በዚያ ነው። አያ ገሠሠም ማለዳ ማለዳ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ የሽባባውን ጓሮ አቋርጠው፣ ሜዳ ለሜዳ ቤተ ክርስቲያን የሚደርሱት በዚያ ነው።

ነገሩ የተጀመረው በግንቦት ነው። ልየው በዚያ ዓመት በርበሬ ሊተክል አስቦ ጓሮው ውስጥ መደብ አውጥቶ ዘርቶ ነበር። ችግኙ ውሃ እየተርከፈከፈለት፣ ከፀሐይ እየተሸፈነ፣ አረሙ በጣት እየተለቀመለት ደረሰ። አንድ ደህና ዝናብ ቢጥል ተነቅሎ ማሳ ይገባል ሲባል፣ በገበያ ቀን ከሰዓት በኋላ ልየው ከእርሻ ሲመለስ የሽባባው ኮርማ በሰንሰሉ ክፍተት ገብቶ መደቡ ላይ ቆሞ አገኘው። ኮርማው በርበሬውን እንኳ አልበላም። ዳር ላይ ያለውን ጎመን እየጋጠ ችግኙን በአራት እግሩ ተመላልሶበት ከጭቃ ለውሶታል። ልየውን ያንገበገበው ይሄ ነው። ቢበላው እንኳ ተበላ ይባል ነበር፤ ያ ሁሉ ድካም ግን መረገጫ ሆኖ የትም ቀረ።

ትከሻው ላይ የነበረውን ዶማ ሳያስብ ወረወረው። ዶማው ኮርማው ቀንድ ላይ አረፈ፤ ቀንዱ ከግማሹ ተገነጠለ። ኮርማው ደሙን እያዘራ፣ እያጓራ በመጣበት ሮጠ። ሽባባው ጩኸቱን ሰምቶ ሲወጣ የከብቱን ፊት አየና እሱም ነደደ። ሁለቱም ሰንሰሉ ግራና ቀኝ ቆመው ተሰዳደቡ። አንዱ ስለ ችግኙ ይጮሃል፣ ሌላው ስለ ቀንዱ ይጮሃል፤ አንዱ ያንዱን አይሰማም። ከገበያ የሚመለሰው ሰውም ሸክሙን እያወረደ ቆሞ ያይ ጀመር። ይሄን ጊዜ ሽባባው ድምፁን ዝቅ አደረገ። ነገር የሚያውቅ ሰው ሊወጋ ሲል ድምፁን ዝቅ ያደርጋል።

«አጥር የሌለው ሰው ስለ ጓሮው አያወራም» አለው። «ያንተ አጥር አፍህ ብቻ ነው። እሱ ደግሞ ከብት አያቆምም።»

ሰው ሳቀ። የሽባባው ቃል ብቻ ቢሆን ምናልባት በርዶ ይቀር ነበር፤ ያ ሳቅ ግን ልየው ሆድ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ። ልየው ፊቱን አዙሮ ቤቱ ገባ። እራቱንም አልበላ። ውዴ ሥሩን አይታ ገበታውን አነሣች።

በማግሥቱ መጥረቢያውን ስሎ ወደ ዱር ወረደ። በዚያ አገር አጥር በደቦ ነው የሚታጠረው። ባለቤቱ እንጨቱን ያስቆርጣል፣ ሚስቱ ጠላ ትጠምቃለች፣ ጎረቤት ተሰብስቦ በአንድ ቀን አቁሞት ይሄዳል። ውዴም ጌሾውን ልውቀጥ፣ ሰው እንጥራ ብላ ጠየቀችው። ልየው እምቢ አለ። ደቦ ከተጠራ ሽባባው በጎረቤትነቱ መምጣቱ የማይቀር ነው፤ አጥር የለህም ያለው ሰው መጥቶ አጥሩን አብሮ ሊያቆም፣ ጠላውንም ሊጠጣ ነው። ልየው ይሄን ሲያስበው ጥርሱን ያፋጫል። የውዴ ወንድም ሰምቶ ሊያግዝ ቢመጣ እንኳ ከመንገድ መለሰው። አንድ እንጨት ቢሆን የሰው እጅ እንዳይነካው ማለ።

ችግሩ፣ ልየው ብቻውን አጥር አጥሮ አያውቅም። በደቦ ጊዜ እንጨት አቀባይ ነበር እንጂ ጉድጓድ ለኪ፣ ቋሚ ተካይ አልነበረም። የመሬቱ ገጽ ጠንካራ ስለነበረ ስንዝር ያህል ብቻ እየጫረ ቋሚዎቹን ደረደረ፤ ማገሩንም በላያቸው አስሮ ቀጥ አደረገው። ሲያዩት ያምራል። ገና ከሰንሰሉ ክፍተት ሳይደርስ ነፋስ መጣና የቆመው ሁሉ ወደ ሽባባው ጓሮ ዘመም አለ፤ እጅ የሚነሳ ሰው መሰለ። ሽባባው በዚያ ወገን ሲያልፍ አየውና ጉሮሮውን ጠረገ። ጉሮሮውን ብቻ ጠረገ።

ልየው ያን ቀን ያቆመውን ሁሉ ነቀለ። እንጨቱን እየነቀለ ሲወረውር ከሩቅ ያየው ሰው የሚደባደብ ነበር የሚመስለው። ከዚያ ዶማውን ይዞ እንደገና ጀመረ። አሁን ጉድጓዱ ክንዱን እስከ ብብቱ ይውጣል። በየቋሚው ሥር ድንጋይ ጠቀጠቀ። የወይራ ቋሚ፣ የባሕር ዛፍ ማገር፣ በመካከሉ ጭራሮ፤ ሁሉንም ከዛፍ በተላጠ እርጥብ ልጥ እየጠመዘዘ አሰረው። ልጡን ሲያጠብቅ እግሩን እንጨቱ ላይ አድርጎ ይጎትታል፤ በየቋጠሮውም የሽባባውን ቃል ለራሱ ይደግመዋል። ያንተ አጥር አፍህ ብቻ ነው። ጎተት። ከብት አያቆምም። ጎተት። መዳፉ ተላጠ፤ ጨርቅ ጠቀለለበትና ቀጠለ። እውነቱን ለመናገር እንዲያ ያለ አጥር በዚያ መንደር ታይቶ አይታወቅም። ጫጩት የማያሾልክ፣ ዓይን የማያሳልፍ ነበር።

ማገሩ የሰንሰሉ ክፍተት አጠገብ ሲደርስ ውዴ ቁርስ ይዛ መጥታ ቆመች።

«በሩ የት ጋ ሊሆን ነው?» አለችው።

«የምን በር?»

«ሰው የሚያልፍበት ነዋ።»

«በዚህ በኩል የሚያልፍ ሰው የለኝም» አለ ልየው፤ ቀና ብሎም አላያት።

ውዴ ምንጩ በዚያ በኩል መሆኑን፣ ማንጠግቦሽ ልጅ የወለደች ጊዜ ያረሰቻት እሷ ውዴ መሆኗን፣ አባባ የሚሄዱትም በዚያ መሆኑን ሁሉ ልትነግረው አስባ ነበር። ሥሩን አየችና ቁርሱን አስቀምጣ ተመለሰች።

በማግሥቱ ማለዳ አያ ገሠሠ እንደ ልማዳቸው ጋቢያቸውን ተከናንበው ወደ ጓሮ ወጡ። ክፍተቱ የነበረበት ቦታ ሲደርሱ ምርኩዛቸው እንጨት ነካ። እጃቸውን ዘረጉና አጥሩን ዳሰሱት። ከዳር እስከ ዳር፣ ማገሩን በጣታቸው እየተከተሉ፣ ቀስ ብለው ሄደው ቀስ ብለው ተመለሱ። ልየው ልጡን ጨብጦ ቆሞ ያያቸዋል።

«እኔ በዚህ አልፍ ነበር» አሉ በመጨረሻ።

ልየው አፈረ። ማፈሩ ደግሞ መልሶ አናደደው። በፊት ለፊት በፈፋው በኩል እንደሚያስኬዳቸው፣ ነገ ዛሬ ሳይል የፈፋውን ዳርና ዳር ቆፍሮ፣ ድንጋይ ደርድሮ፣ ለእግራቸው የሚመች መውረጃና መውጫ እንደሚሠራላቸው ነገራቸው። አያ ገሠሠ አዳመጡትና «እሺ ልጄ» አሉት። ልየው ያችን እሺ እንደ ምርቃት ቆጠራት።

መውረጃው ግን አልተሠራም። ሊሠራው ዶማ ባነሳ ቁጥር በአጥሩ መካከል የሽባባው ጓሮ የሚታይበት አንዲት ቀዳዳ ዓይኑ ውስጥ ትገባለች። እሷን ሲደፍን ሌላ ያገኛል። ሌላውን ሲደፍን ይመሻል። አዛውንቱም ምንም ሳይሉ ማለዳ ማለዳ በፈፋው ድንጋይ ላይ እየተንፏቀቁ ወርደው፣ በዚያኛው ዳር ሣር እየጨበጡ ይወጡ ጀመር። ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ጋቢያቸው አፈር ይሆናል። ውዴ አራግፋ ትሰቅለዋለች።

ሽባባውም ቢሆን የዋህ አልነበረም። የከብቱን እበት እያመጣ አጥሩ ሥር ይከምር ጀመር። ጠላ ቤት ተቀምጦም ልየው ራሱን በራሱ አሰረ እያለ ይቀልዳል። ቀልዱ በሰው በሰው ዞሮ ልየው ጆሮ ደረሰ። ልየው በዚያው ቀን የቀጋና የግራር እሾህ ቆርጦ አመጣና የአጥሩን ጫፍ ከዳር እስከ ዳር አለበሰው። ሽማግሎች ነገሩ እንዳይከር ብለው ሁለቱም ዘንድ ሄዱ። ልየው ደጄ መጥቶ ቃሉን ይመልስ አለ። ሽባባው ደግሞ እሱ መጥቶ የኮርማዬን ፊት ይይልኝ አለ። ሽማግሎቹ በፈፋው ሲወርዱና ሲወጡ ደክሟቸው ሁለተኛ አልተመለሱም።

ውዴና ማንጠግቦሽ በአጥሩ ግራና ቀኝ ቆመው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያወራሉ፤ መተያየት ግን አልቻሉም። አንድ ቀን ማንጠግቦሽ በገል ፍም ይዛ በአጥሩ አናት ላይ ልታቀብል ስትሞክር ፍሙ እሾሁ ላይ ተበተነና ውዴ ክንድ ላይ ወረደ። ውዴ አልጮኸችም። ቤት ገብታ የተቃጠለውን ክንዷን ቅቤ ቀባችና ልየው ፊት መጥታ ቆመች። ከተጋቡ ጀምሮ እንደዚያ ፊት ለፊት አይታው አታውቅም።

«የተጣላኸው ከሽባባው ነው» አለችው። «የታጠርነው ግን እኛ ነን።»

ልየው ተነሥቶ ወጣና አጥሩ ሥር ሄዶ ቆመ። በእጁ ገፋ አደረገው። ንቅንቅ አላለም። ትንሽ ልቡ ሞላ።

ሐምሌ ገባ። የወሩ መድኃኔዓለም ዕለት ሰማዩ በጠዋት ጠቁሮ ነበር። ልየው አባቱን ዛሬስ ቢቀሩ ብሎ በልቡ አሰበ፤ በአፉ ግን አላለውም። ከአጥሩ ወዲህ ከአባቱ ጋር ስለ መንገድ ማውራት እየከበደው መጥቶ ነበር። አያ ገሠሠ ወረዱ፤ ፈፋው ገና ጉልበት የማይደርስ ውሃ ነበረው፤ ወጡ። ልየው የአባቱ ነጭ ጋቢ ከማዶ ዳር ብቅ ሲል አየና ተመልሶ ቤት ገባ።

ከሰዓት በኋላ ዝናቡ መጣ። መንደሩ ላይ ያን ያህል አልነበረም፤ ተራራው ላይ ግን ሰማይ የተቀደደ ይመስል ነበር። ልየው ምድጃ ዳር ተቀምጦ የቀንበር ማነቆ ይጠርባል። ፈፋው መጮህ ሲጀምር ሰማው። አባባ ዝናቡን አይተው እዚያው ቤተ ክርስቲያን ይጠለላሉ፣ ካህናቱም አይለቋቸውም ብሎ ራሱን አረጋጋ። እውነትም ካህናቱ አልለቋቸውም ነበር። እሳቸው ግን ዝናቡ አባራ ሲል፣ ውሃው ሳይደርስ ልሻገር ብለው ተነሥተው መጥተዋል። ዓይናቸው ደካማ ስለሆነ ደራሹ ውሃ ከላይ ሲመጣ አላዩትም።

ቀድሞ የተሰማው የማንጠግቦሽ ጩኸት ነው። ውዴ ሮጣ ጓሮ ወጣች፤ ልየውም ማነቆውን ጥሎ ተከተላት።

«አያ ልየው!» ትላለች ማንጠግቦሽ ከአጥሩ ወዲያ። «አባትህን ፈፋው ወሰዳቸው! ሽባባው በመጫኛ ገመድ ጎትቶ አወጣቸው። እኛ ቤት ናቸው። እግራቸው፣ እግራቸው እንጃ!»

ልየው ወደ ደጁ ሮጠ። ፈፋው ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ ቀይ ውሃ ድንጋይ እያንከባለለ ይወርዳል። አንድ ሙሉ ግንድ ከነሥሩ እየተገለባበጠ ፊቱን አልፎ ሄደ። ሊገባ እግሩን ሰደደ፤ ዳሩ ተንዶ ወደ ኋላ ወደቀ። ተነሣ። ዞሮ ወደ ጓሮ ሮጠ።

አጥሩ ላይ ዘሎ ወጣ። ማገሩን ረግጦ ጫፉ ላይ ሲደርስ ቀጋው ያዘው። ልብሱን ሲያላቅቅ ክንዱን ይይዘዋል፤ ክንዱን ሲያላቅቅ ጭኑን ይይዘዋል። እያንዳንዱን እሾህ እሱ ራሱ ነው ወደ ላይ አቁሞ ያሰረው። ከወዲያ የአባቱ ድምፅ ተሰማው። አያ ገሠሠ ሲያቃስቱ ሰምቶ የማያውቅ ሰው ነው። እንዲያ ያለ ድምፅ ከአባቱ አፍ ይወጣል ብሎም አስቦ አያውቅም። ከእሾሁ ተገንጥሎ ወደ ራሱ ጓሮ ወደቀ።

«መጥረቢያውን!» አለ። ውዴ ቀድማ ይዛው ቆማ ነበር።

መታ። ልጡ በዝናቡ ረጥቦ ስለነበር ስለቱን እየመለሰ ያነጥረዋል። ቋሚውን መታ፤ ወይራ ነው፣ መጥረቢያው እንደ ድንጋይ ጮኸ እንጂ አልገባም። ሥሩን ልነቅል ብሎ በሁለት እጁ አቅፎ ታገለው፤ ጠቅጥቆ የቀበረው ድንጋይ ያዘበት። ልየው አጥሩን ይሰድበው ጀመር። ሰው እንደሚሰደብ፣ በእናቱ በአባቱ ሰደበው። በዚያ ሁለት ወር ውስጥ ሽባባው ላይ ያልጨረሰው ስድብ ሁሉ በዚያ እንጨት ላይ ወረደ። መጥረቢያውን ባነሳ ቁጥር አባቱ ከወዲያ ያቃስታሉ፤ ባቃሰቱ ቁጥር እሱ ይመታል፤ አጥሩም እንደ ቆመ ነው። እንዴት ያለ ጥሩ አጥር ነበር!

መጥረቢያውን ሊያነሳ ትንፋሹን ሲሰበስብ ከወዲያም የመጥረቢያ ድምፅ ሰማ። አንድ ሰው በዚያኛው በኩል ልክ እሱ የሚመታበት ቦታ ላይ ይመታል። ማን እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገውም። ልየው ሲመታ ሽባባው ይጠብቃል፣ ሽባባው ሲመታ ልየው ይጠብቃል። አንድ ማገር ተሰበረ። ሌላው ተከተለ። ጭራሮውን ልየው ወደዚህ፣ ሽባባው ወደዚያ እየገነጠሉ ጣሉት። ውሻ የሚያሾልክ ያህል ሲከፈት ልየው ጎንበስ ብሎ ገባበት። የተሰበረው እንጨት ጀርባውን ላጠው። ከወዲያ አንድ እጅ ብብቱ ሥር ገብቶ ጎተተው። እጁ በመጫኛ ተልጦ ይደማ ነበር። ልየው የቆመው እግሩ እስከ ቁርጭምጭሚቱ እበት ውስጥ ገብቶ ነው።

የሽባባው ቤት ጭስ ሞልቶታል። አያ ገሠሠ ምድጃው ዳር ተጋድመው፣ በማንጠግቦሽ ቡሉኮ ተሸፍነው፣ ፊታቸው አመድ መስሏል። ከናፍራቸው ይንቀጠቀጣል። አንድ እግራቸው ከጉልበታቸው በታች ወደማይታጠፍበት ታጥፏል። ልየው አያቸውና ቆመ። ከአጥሩ ጋር ሲታገል የነበረው ቁጣ ገና ደረቱ ውስጥ ይፈላል፤ አሁን የሚመታው እንጨት ግን የለም።

«ለምን በዚያ ወረዱ?» ብሎ ጮኸባቸው። «ዝናቡን አላዩም? ማን ነው ሂዱ ያለዎት? እንደ ሰው ቁጭ ብለው አይጠብቁም?»

ማንጠግቦሽ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ውዴም በቀዳዳው ሾልካ ገብታ፣ ቀሚሷ ተቀዶ፣ ጸጉሯ ላይ ጭራሮ ተሰክቶ በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ ባሏን እንደማታውቀው ሰው አየችው። ከኋላው ሽባባው ገባ። ከእግር እስከ ራሱ በቀይ ጭቃ ተለውሷል፤ ጥርሱ ከብርድ ይሁን ከንዴት ይጋጫል።

«በየት ይምጡ?» አለው። «እስቲ ንገራቸው። በየት ይምጡ?»

ልየው ዞረ። መጥረቢያው እጁ ላይ ነው። ሽባባውም የራሱን ገና አላስቀመጠም። ያን ዕለት የሆነውን ኋላ ስታወራ ማንጠግቦሽ፣ ከፈፋው ይልቅ ያስፈራኝ ያች ደቂቃ ነበረች ትል ነበር።

ከዚያ በኋላ ብዙ ነገር ሆኗል። ወጌሻ መጥቶ የአያ ገሠሠን እግር አሰረ፤ እግሩም ዳነ፣ ግን ጠምሞ ዳነ። እስኪሞቱ ድረስ ቤተ ክርስቲያን የሄዱት አንድም በልየው፣ አንድም በሽባባው ትከሻ ተደግፈው ነው። ሁለቱ ሰዎች በመስቀል በዓል፣ ሽማግሌ ፊት ቆመው ታረቁ፤ ልየው ስለ ቀንዱ፣ ሽባባው ስለ ቃሉ ይቅርታ ተባባሉ። ወዳጆች ሆኑ ቢባል ውሸት ይሆናል። ይበሳጫሉ፣ ይኮራረፋሉ፤ ግን ሰላምታ አላቋረጡም። ያ ቀዳዳም ሰፍቶ፣ ዳርና ዳሩ ተስተካክሎ በር ሆነ። ልየው መዝጊያ ሊያበጅለት ቢነሣ ውዴ ከለከለችው፤ እሱም እሷ ያለችውን ሰማ።

ይሄ ሁሉ ግን ኋላ የመጣ ነው። በዚያች ሰዓት ሁለቱ ሰዎች መጥረቢያ ይዘው ተፋጠው ቆመዋል፣ አንዱም ዓይኑን አልሰበረም። አያ ገሠሠ ከምድጃው ዳር ምርኩዛቸውን ፈለጉ፤ ምርኩዙን ውሃ ወስዶታል። በክርናቸው ተደግፈው ራሳቸውን ከፍ አደረጉ። ሕመሙ ፊታቸውን አጨማደደው፤ ድምፃቸው ግን አልተንቀጠቀጠም። ተቆጥተው ነበር። ውዴ ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ እንዲያ ተቆጥተው አይታቸው አታውቅም።

«ልየው» አሉ። «እሱን ተወው። በየት ልሂድ ብዬ ያን ጊዜ ልጠይቅህ አስቤ ነበር፤ ቁጣህን ከድምፅህ ሰማሁና ተውኩት። አጥርህን ከዳር እስከ ዳር በእጄ ሄጄበታለሁ፣ ጎበዝ ነህ፣ እንከን አላገኘሁበትም። መጥረቢያህን አስቀምጥና ይሄን ስማኝ፤ አንተም ሽባባው ስማኝ፤ ለልጆቻችሁም ንገሩ፦ በቁጣ የታጠረ አጥር በር የለውም።»